ስሙ የማይጠራው ፈረስ

«ሊጠሩት ነበር አይደል፣ እትዬ ሰናይት?»

ይቺን ጥያቄ የጠየቀችኝ ጽጌ ናት፣ ባለፈው ጥምቀት፣ ጃንሜዳ አጥር ሥር። መጀመሪያ አላወቅኳትም። እኔ የቆምኩት ታቦት ለማየት ነበር፤ ከፊቴ ግን ቀይ ዘርፍ ያንጠለጠሉ ፈረሰኞች አለፉና ሽታው መጣ። የፈረስ ላብ፣ የቆዳ፣ የተረገጠ ሣር። ሽታ ይሉኝታ የለውም፣ ሳያንኳኳ ነው የሚገባው። ዓይኔን ጨፍኜ ስቆም አንዲት ሃምሳ ምናምን የሆናት ሴት ክንዴን ያዘችኝ። «ይቅርታ፣ እርስዎ አፍንጮ በር የነበሩት፣ ባዮሎጂ የተማሩት ሰናይት አይደሉም? እኔ የባልደራስ ምንዳዬ ልጅ ነኝ እኮ!» አለችና ጉንጬን እያገላበጠች ሳመችኝ። አባቷ ካረፉ ቆይቷል። «እስኪያልፍ ድረስ ስለ እርስዎ ነው ሲያወራ የኖረው» አለችኝ። ከዚያ ነው ጥያቄውን ያመጣችው። ያን ፈረስ፣ ያን ቀን፣ በስሙ ልጠራው ነበር ወይ? እኔ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። እሷ ሳቄን «አዎ» ብላ ወሰደችው፣ እንደገና ሳመችኝ፣ ስልክ ተለዋወጥንና ተለያየን። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ላውራው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ የእኔ ዘመን የሚለካው በልብስ ነው። ቦላሌ ሱሪ መጥበብ የጀመረበት፣ አፍሮ ያጠረበት፣ ባለ ወፍራም ሶል ጫማችንን አልጋ ሥር ከተን በሸራ ጫማ የወጣንበት ጊዜ ነው። ካኪ ያልለበሰ ሰው የታመመ ይመስል ነበር። ፒያሳ ማኪያቶ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ወይም ሠላሳ አምስት፤ በዚህ ነገር ከአብሮ አደጌ ጋር እስከ ዛሬ እንጣላለን። ስኳር የጠፋ ሰሞን ግን ዋጋው ምንም ሆነ ምን፣ ስኳርሽን ከቤት በወረቀት ጠቅልለሽ ነው ኬክ ቤት የምትገቢው። አስተናጋጁ ነጭ ኮቱን ለብሶ፣ ሚልፎሊ እንደሌለ እያወቀ፣ «ሚልፎሊ ላምጣ?» ብሎ ይጠይቅሻል። «የለም እኮ» ስትይው «መጠየቅ ግን አልተከለከለም» ይላል። አራዳ እንዲህ ነው። ሙዚቃ ቤቶቹ በራቸው ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅለው፣ አንዱ የፍቅር ሲለቅ ሌላው ማርሽ ይለቃል፤ በመሃል ስታልፊ እግርሽ የቱን እንደሚከተል ግራ ይገባዋል። ሰማያዊና ነጭ ሎንቺናዎች ሰው እንደ ማገዶ ጭነው ወደ አራት ኪሎ ይወርዳሉ። ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ቀንና ሌት ያበራል፣ እግረኛው ሳይጋፋ ይሄዳል። ጥሩ ነው፣ አልከፋኝም። «የድሮ ፒያሳ!» እያለ የሚያለቅስ ሰው ያናድደኛል፤ በድሮው ፒያሳ ስንት ሰው ሽንት ቤት ፍለጋ ሠፈር አቋርጧል። የምናፍቀው ሰዉን ነው። ሰዉንና አንድ ፈረስ።

ከዩኒቨርሲቲ በባዮሎጂ ተመርቄ ምደባ እጠብቅ ነበር። ቤተሰቦቼ አፍንጮ በር ናቸው። ሥራ ፈትቼ እንዳልቀመጥ «ምደባሽ እስኪመጣ ቀበሌውን አገልግዪ» ተባልኩ። ሥራዬ እየዞርኩ እንስሳ መመዝገብ ነው፤ ማን ስንት ውሻ አለው፣ ማን ዶሮ ያረባል፣ የማን ላም ተከተበች። የምመዘግብበት ቅጽ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። «የቤት»፣ «የዱር»። በቃ። ገና የመጀመሪያው ሳምንት ነው ከዚያ ቅጽ ጋር የተጣላሁት። ምክንያቱም አራዳ ውስጥ ከሚርመሰመሰው እንስሳ ግማሹ ሁለቱም ሳጥን ውስጥ አይገባም። ሥላሴ ጓሮ የምትወልደው ድመት የማን ናት? እናቷ የሰው ድመት ነበረች፤ እሷ ግን ሰው ስታይ ግድግዳ ትወጣለች። ሥጋ ቤት በር ላይ የሚያድረው ውሻስ? እኔን እግዜር ትዕግሥት የሚባል ነገር አልሰጠኝም፣ ያኔም ዛሬም። ሦስተኛ ሳጥን በእስክሪብቶ ሠርቼ ሞላሁት። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አስናቀ ቅጹን አየና «ይሄ ምንድነው?» አለኝ። «የጎደለው» አልኩት። ጓድ አስናቀ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሊቀመንበር ከሆነ በኋላም የካኪው ኪስ ውስጥ ሜትር አይጠፋም። በጥፍሩ ሳጥኔን እየፋቀ «በልክ የተሰፋ ልብስ ላይ ኪስ አትጨምሪ» አለኝ።

ያ ፈረስ ደግሞ የሦስተኛው ሳጥን ንጉሥ ነበር።

ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ ያለው። የአንድ ትልቅ መኳንንት የግል ፈረስ ነበር። ሰውየው ታሰሩ፣ ግቢያቸው ተወረሰ፣ ጋጣቸው የቀበሌ መጋዘን ሆነ፣ ፈረሶቹ ተከፋፈሉ። ይሄኛው ግን ሊወስዱት ከመጡት ሰዎች እጅ ገመዱን በጥሶ አመለጠ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ ያለ ሰው ኖረ። መሃል ከተማ! ጠዋት የሥላሴን ሣር ይግጣል፤ ዘበኞቹ የሚያባርሩት ለወጉ ነው። ረፋዱ ላይ ወደ ውቤ በረሃ፣ ወደ መጠጥ ቤቶቹ ሠፈር፣ ይወርዳል። እዚያ እትዬ ብርቄ ጠላ ቤት አላቸው፤ አተላውን በባልዲ ከበራቸው አጠገብ ያስቀምጡለትና ገብተው በመስኮት ያዩታል፤ ከቆሙ አይጠጣማ። አንዳንድ ቀን አተላው ጠንከር ያለ እንደሆነ ሞቅ ብሎት፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ እንደ ድሮ የውቤ በረሃ ጎረምሳ እየተንጎራደደ ዳገቱን ይወጣል። መንገድ መሻገር ተምሯል። ጠርዙ ላይ ይቆማል፣ ጆሮውን ያዞራል፣ ሎንቺናው ካለፈ በኋላ ይሻገራል፤ ይሄን እስከ ዛሬ ያልተማረ ስንት ሰው አውቃለሁ። ሲመሽ ጀርባውን ለድንጋይ አጥር ሰጥቶ ነው የሚቆመው፣ ፊቱ ወደ ወንዙ፤ ጅብ የሚመጣው በዚያ ነዋ። አንድ ጠዋት ወንዙ ዳር መንጋጋው የተሰበረ ጅብ ሞቶ ተገኘ፤ ፈረሱ ሥላሴ ሣሩን ይግጣል። ያን ቀን አራዳ ሙሉ እንደ ዘመድ ነው የኮራበት። «የኛ ልጅ እኮ ነው!» ይባል ነበር።

ሰው ግን አያስጠጋም። አሥር እርምጃ ላይ ስትደርሺ ያይሻል፣ ዘጠነኛው ላይ የለም። እኔ ደብተር ይዤ ስንት ቀን ተከተልኩት። ፕሮፌሰሮቼ በእንግሊዝኛ ያስተማሩኝን ነገር ሁሉ እሱ በእግሩ እየጻፈ አሳየኝ። የቤት እንስሳ ሰው ሲጥለው ወዲያው አይሞትም፤ ደሙ ውስጥ ተኝቶ የቆየ አሮጌ ብልሃት ይነቃል። ቁንጅናው ደግሞ ሌላ ነው። ያልተፋቀ፣ ያልተላጨ፣ ጋማው እንደ አፍሮ የቆመ! እንዲህ ያለ ኩሩ ፍጡር ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ነገሩ የተበላሸው በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ነው። የስኳር ኩፖን ቀን ነበር፤ ሰልፉ እስከ ጥጉ ዞሯል። ፈረሱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ የተከፈተውን ማዳበሪያ አሸተተና አፉን ከተተ። ሰዉ ጮኸ፣ እሱ ደነገጠ፣ ዘሎ ሲወጣ አንዲት እናት ወድቀው ክንዳቸው ተሰበረ። በሳምንቱ እሁድ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ የእሁድ ስብሰባ መቅረት አይቻልም፤ የቀረ ኩፖኑ ላይ ማኅተም አያገኝም። ስለዚህ አራዳ እንዳለ ተቀምጧል፣ እያዛጋ።

«ጓዲት ሰናይት፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለ ጓድ አስናቀ። «በአጭሩ ተናገሪ። ይሄ ፈረስ የቤት ነው የዱር?»

«ሁለቱም አይደለም።»

«በአጭሩ አልኩሽ እኮ!»

«አጭሩ እሱ ነው!»

ሰዉ ማዛጋቱን ተወ። እኔም ተነሳሁ። «ጅብ የዱር ነው» አልኩ። «ግልገሉን ወስዳችሁ ጓዳ ብታሳድጉት፣ ከእጃችሁ ሥጋ ብታበሉት፣ የለመደ ጅብ ይሆናል እንጂ የቤት እንስሳ አይሆንም። ልጁም ተመልሶ ጅብ ሆኖ ነው የሚወለደው። የቤት የሚባለው ቅድመ አያቶቹ በሰው እጅ ተመርጠው፣ ተዳቅለው፣ ሰው መልመድ በደሙ የገባ ነው። ላም፣ በግ፣ ፈረስ። ሦስተኛው ደግሞ የቤት ሆኖ ተወልዶ ሰው የጣለው ነው። ኑሮው የዱር፣ ደሙ የቤት።»

«ውይ! የኔን ባል ነው የምትይው!» አሉ እትዬ ብርቄ።

«ውቤ በረሃ የገባ ሁሉ እንደዛው ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ጓድ አስናቀ ጠረጴዛውን መታ። «ቅጹ ላይ ያለው ሁለት ሳጥን ነው! የዱር ከሆነ ሕዝብ የሚጎዳ አውሬ ነው፣ አብዮት ጠባቂ ይመታዋል። የቤት ከሆነ የሕዝብ ንብረት ተብሎ ይመዘገባል፤ የሕዝብ ንብረት ላይ ማንም አይተኩስም። የትኛው ነው?»

«የቤት ነዋ!»

«ማስረጃ?»

እዚህ ላይ ነው አፌ ከጭንቅላቴ የቀደመው። «ሰው ሲጠራው ከመጣ የቤት ነው!» አልኩ። ሳይንስ ውስጥ እንዲህ የሚባል ፈተና የለም። ላም እንኳ ስትጠሪያት ላትመጣ ትችላለች። ስብሰባው ሰልችቶኝ፣ እልህ ይዞኝ ነው። ጓድ አስናቀ ግን ደስ አለው፤ የሚለካ ነገር አገኘ። «እስከሚቀጥለው እሁድ» አለ። «ጠርቶ ያመጣው ሰው ካለ የቤት። ከሌለ የዱር።»

ያ ሳምንት አራዳ ያበደበት ሳምንት ነው። የማይጠራው ሰው የለም። ገብስ ይዘው «ና ዳማ!»፣ «ና ቦቃ!» ይሉታል። እትዬ ብርቄ በጉልበታቸው ተንበርክከው «ና የኔ ጌታ፣ ና የኔ አካል!» ብለው ለባላቸው ያላሉትን አሉት። ጫማ ጠራጊዎቹ ያፏጫሉ። አንድ የኮሚቴ አባል «አብዮት!» ብሎ ሊያወጣለት ሞክሮ ፈረሱ ጀርባውን ሲያዞርበት ሰዉ ሳቁን እየዋጠ ተበተነ። ጓድ አስናቀ ራሱ፣ ሰው የለም ብሎ፣ «ና ጓድ» ሲለው አይቼዋለሁ። ፈረሱ ሁሉንም በአክብሮት ይሰማል። ከዚያ ይሄዳል። ሐሙስ ላይ ነገሩ ገባኝ። ያን የመሰለ ፍጡር የሚገደለው እኔ ባወጣሁት ፈተና ነው።

አንድ ነገር ግን አይቼ ነበር። ከሥላሴ ወደ ታች ሲወርድ ያለው የእንጨት መሸጫ ጋ ፈረሱ ሁልጊዜ ይቆማል። አጥሩ ላይ አፍንጫውን ያስጠጋል። ግቢውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ታዲያ ፈረሱ ሲመጣ ተነስተው ጀርባቸውን ያዞራሉ። በየቀኑ። ከተማው ሙሉ ፈረሱን ሲያይ እሳቸው ብቻ ግድግዳ ያያሉ። ዓርብ ዕለት ሄድኩ። አባባ ምንዳዬ ይባላሉ። ከአጠገባቸው አንዲት ስምንት ዓመት የምትሆን ልጅ ፍልጥ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራ ትሠራለች። ጽጌ እሷ ነበረች።

«አባባ፣ ይሄን ፈረስ ያውቁታል?»

«አላውቀውም።»

«ታዲያ ለምን ጀርባዎን ያዞሩበታል?»

«ፀሐዩ ነው፣ ልጄ።»

«ፀሐይዋ እኮ በዚያ በኩል ናት!»

ቀና ብለው አዩኝና ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ አፍሽ ሽቅብ ይጋልባል» አሉ። ልጅቷን ውኃ እንድታመጣ ላኳትና በዝግታ ነገሩኝ። የዚያ መኳንንት ባልደራስ እሳቸው ነበሩ፣ የፈረሶቹ ኃላፊ። ፈረሱን ከእናቱ ሆድ ያወጡት በእጃቸው ነው። ሰው አይጠራውም፣ እሳቸውና ጌታቸው ብቻ ናቸው የሚጠሩት፤ ስሙን ካልሰማ ደግሞ ላንድም ሰው ዞር አይልም፣ እንደዛ ነው ያሳደጉት።

«ታዲያ ይጥሩታ! ምን ያስጠብቅዎታል?» አልኩ። እንዲህ ያልኩት እኔ እኮ ነኝ።

«የሱ ስም የጌታዬ ስም ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ድሮ መኳንንት የሚጠራው በፈረሱ ስም ነው። የታሰሩት ሰውዬ አባ ሰንጥቅ ስለነበሩ፣ ፈረሱ ሰንጥቅ ነው። ሲፎከርላቸው አባ ሰንጥቅ፣ ሲዘፈንላቸው አባ ሰንጥቅ። ያን ስም መንገድ ላይ ጮክ ብሎ መጥራት ማለት የታሰሩትን ሰውዬ ማወደስ ማለት ነው። አባባ ምንዳዬ በዚያ ቤት በማገልገላቸው ብቻ አንድ ጊዜ ታስረው አምስት ወር ተቀምጠዋል፤ ሲወጡ ስሙን ዳግመኛ በአፋቸው እንደማያነሱ ፈርመው ነው። የጽጌ እናት የሞተችው እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ነው። «ሁለተኛ ከገባሁ ይቺ ልጅ ማን አላት?» አሉ። ከዚያ ወደ አጥሩ አዩ። «በየቀኑ ይመጣል። ስሙን እስክጠራው ይጠብቃል። ዓይኑን ካየሁት አፌን አላምነውም። ለዚያ ነው የማዞረው።»

እኔ ዱር ገባ፣ ሰው ጠላ እያልኩ ደብተር ስሞላ የነበረው ስለዚህ ፈረስ ነው። ለካ ስሙን የሚጠራው ሰው እየጠበቀ ነው።

«አንቺ ብትሆኚ ትጠሪዋለሽ?» አሉኝ ድንገት።

«እንዴታ!» አልኩ። «በደንብ አድርጌ ነው የምጠራው!»

ትክ ብለው አዩኝ። አመኑኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲሆንሽ ለሁሉ ነገር መልስ አለሽ።

እሁድ ደረሰ። ፈረሱን ከየአቅጣጫው ነድተው ቀበሌው ጀርባ ያለው ባዶ ሜዳ አስገቡት፤ በሦስት በኩል የድንጋይ አጥር፣ በአንድ በኩል ሕዝብ። ጥጉ ላይ ቆመ፣ ጀርባውን ለአጥሩ ሰጥቶ፣ ልክ ማታ ጅብ ሲጠብቅ እንደሚቆመው። አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ልጅ ነው፣ ከንፈሩ ደርቋል፤ የሚሠራውን አልወደደውም። ጓድ አስናቀ ጠረጴዛ አስወጥቶ ቅጹን ዘርግቷል። እንደገና ሰዉ ተራ በተራ ጠራ። ዳማ፣ ቦቃ፣ የኔ ጌታ። ምንም። ከሕዝቡ ጠርዝ ላይ አባባ ምንዳዬን አየኋቸው፤ የጽጌን እጅ ይዘው ቆመዋል፣ ነጠላቸው እስከ ዓይናቸው።

«ጓዲት ሰናይት፣ ጊዜው አልቋል» አለ ጓድ አስናቀ። እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አሳርፏል። «የባለሙያ ቃልሽን ስጪ። የቤት ነው የዱር?»

ሁሉም እኔን ያያል። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድኩ። አፌን ከፈትኩ።

«ሰንጥቅ!»

ድምፁ የኔ አልነበረም። ከኋላዬ ነው የመጣው፤ ጩኸት አይደለም፣ ልጅን ከጨዋታ ለምሳ እንደመጥራት ያለ ነው። ፈረሱ ጆሮው ቆመ። ሰውነቱ በሙሉ፣ ከአንገቱ እስከ ጭራው፣ እንደ ውኃ ተንቀጠቀጠ። ሽማግሌው የጽጌን እጅ ለቀው፣ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገፈው፣ እንደ ድሮ ዘመናቸው ደረታቸውን ነፉና ደገሙት። «አባ ሰንጥቅ! ና!»

መጣ። አልሮጠም፣ አልዘለለም። ሁለት ክረምት ማንም ያልነካው ፈረስ በሕዝቡ መሃል፣ በልጆች መሃል፣ ማንንም ሳይረግጥ፣ እንደ ሙሽራ እየተራመደ መጣና ቦቃውን ደረታቸው ላይ አሳረፈ። እሳቸው አላቀፉትም፤ እጃቸውን ጋማው ሥር ከተው የተጣበቀ ጭጎጊት መልቀም ጀመሩ። ሥራ ላይ እንዳለ ሰው። ከዚያ የበለጠ ፍቅር በዚህ ዕድሜዬ አላየሁም።

የታሰሩትን ሰውዬ ስም ሁሉም ያውቀዋል። ጓድ አስናቀማ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ልብስ ሰፊ ሳለ የፈረሱን ግላስ፣ ያን ባለጥልፍ የፈረስ ልብስ፣ የሰፋው እሱ ነበር። አሁን ግን የኮሚቴው ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል።

«ምን ብሎ ነው የጠራው?» አለ።

እትዬ ብርቄ ወገባቸውን ይዘው ወጡ። «‹ና› ነው ያለው! ሌላ የሰማ አለ?»

«የለም!» አለ አንዱ።

«እኔ ‹ና› ነው የሰማሁት!» አለች ሌላዋ።

«‹ና› ነው! ‹ና› ነው!» አለ ሕዝቡ ሁሉ፣ ክንዳቸው የተሰበረው እናት ሳይቀሩ፣ በደህናው እጃቸው እየማሉ። ጓድ አስናቀ ረጅም ጊዜ ቅጹን አየ። ከዚያ «የቤት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገ፣ ማኅተሙን መታ፣ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ ያለምክንያት ጠቀለለው። አራዳን ያን ቀን እንደወደድኩት ወድጄው አላውቅም።

ግን ከኮሚቴው አንዱ ሰምቷልና አባባ ምንዳዬን በማግስቱ ወሰዷቸው። ሦስት ሳምንት ቆዩ፤ «ና» ነው ያልኩት ብለው ድርቅ አሉ፣ መስካሪ ስላልተገኘባቸው ተለቀቁ። ጽጌ እትዬ ብርቄ ቤት ነው የከረመችው። የኔ ምደባ በዚያው ሳምንት መጣ። ሻንጣዬን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ፣ ክፍለ ሀገር ሄድኩ። እስር ቤት ስንቅ ይዤ አልሄድኩም። ለጽጌ ደብተር እንኳ አልገዛሁም። ፈረሱ በኋላ የቀበሌውን ዱቄት በጋሪ ይጎትት እንደነበር፣ አባባ ምንዳዬም ጋሪ ነጂው እንደሆኑ በደብዳቤ ሰማሁ። ሰዉ ሁሉ «ና» እያለ ነው የሚጠራው አሉ። ለሰውም ይመጣ ጀመር አሉ፤ አንዴ ከተጠራ በኋላ።

ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላወቅኩትን ነው ጽጌ ጃንሜዳ ላይ የነገረችኝ። «አባባ እንዲህ ይል ነበር» አለች፤ «‹እኔ መቼም አልጠራውም ነበር። ያቺ የተማረች ልጅ ግን ቃሏን ልትጠብቅ ወደ ፊት ወጣች፣ አፏን ስትከፍት አየኋት። እሷ ገና ልጅ ናት፣ ዕድሜዋ ከሚበላሽ ብዬ ቀደምኳት።› ሰው የሚደፍረው ደፋር ሲያይ ነው ይል ነበር። ሊጠሩት ነበር አይደል፣ እትዬ ሰናይት?»

እኔ ሳቅኩ። ከዚያ ወዲህ አንድ ወር አለፈ። ትናንት ማታ ልደውል ስል ጠዋት ይሁን ብዬ አደርኩ፤ ዛሬ ጠዋት ደወልኩላት። «እትዬ! በደህና ነው?» አለች። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልመለስኩላትም።

«ጽጌ፣ የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። አባትሽ ማንንም አይተው አይደለም የደፈሩት፣ ብቻቸውን ነው። ልጠራው አልነበረም። አፌን የከፈትኩት ‹የዱር ነው› ልል ነው።»